ኳሱን ስጡት

ውድ ሩፈስ፣

ሌስተር ቀለባችሁን ጭኖ ወንዙ ላይ ሲያገኛችሁ ይህን ደብዳቤ ከሽንኩርቱና ከዱቄቱ ጋር ያደርስልሃል። በስልክ ያልነገርኩህ ወድጄ አይደለም። አንደኛ፣ አንተ ስልክ ላይ ሰው አታስጨርስም። ሁለተኛ፣ የምትሠሩበት ጀልባ ውስጥ ያሉት ጓደኞችህ ጆሯቸውን ቀስረው ነው የሚያዳምጡት። ደብዳቤን ግን ማንም አያቋርጠውም። ስለዚህ ጥግ ፈልገህ ተቀመጥና እስከ መጨረሻው አንብበው። መናደድ ካማረህም ጨርሰህ ተናደድ።

በቅድሚያ አንድ ነገር እንተማመን። ባለፈው ሳምንት ሰኞ ሬዲዮ ላይ የደወለው «ሌሮይ ከናቼዝ» አንተ ነህ።

አትካደኝ። ይህን ሁሉ ዘመን አብሬህ ኖሬ ድምፅህ ይጠፋኛል? እንደ ልማድህ ጉሮሮህን ጠረግህ፤ እንደ ልማድህ «ጌታ ምስክሬ ነው» ብለህ ጀመርክ፤ ከኋላህ ሞተሩ ያጓራል። ይህም አልበቃ ብሎ በመሃል የጀልባው ጡሩምባ ጮኸ። ለመሆኑ ናቼዝ ከተማ ውስጥ ሳሎኑ ድረስ ጀልባ የሚገባለት ሌሮይ ማን ነው? እኔ ብቻ የነቃሁብህ መስሎኝ ነበር። በኋላ ሌላም ሰው እንደነቃብህ አወቅሁ፤ እሱን እደርስበታለሁ።

የምጽፍልህ ልቀልድብህ ብዬ አይደለም። ፈርቼ ነው፣ ሩፈስ። ምግብ አልወርድ ብሎኛል።  

ሰኞን ልንገርህ። መቼም ሰኞ ከሰዓት የእኔ ፀጉር ቤት ፀጉር ቤት አይደለም፤ ፍርድ ቤት ነው። ሬዲዮው ተከፍቷል፣ የኮሌጁ የፉትቦል ደጋፊዎች ፕሮግራም ይንጫጫል፣ የኛም ሰዎች እዚያው ይንጫጫሉ። እኔ የእትዬ ኦፓልን ፀጉር ማጠቢያው ላይ እያጠብኩ ነበር። አጠገቤ የምትሠራው ጃኔል ማበጠሪያዋን እንደ ጎራዴ ይዛዋለች።

«ሰውየው አብዷል!» አለች ስለ አሰልጣኝ ፔቲግሩ። «እንደ ጃቫሪስ ያለ ልጅ ይዞ ኳሱን አስይዞ የሚያስሮጠው ኮልቢን? ኮልቢ እኮ ሲሮጥ ፍሪጅ የተሸከመ ነው የሚመስለው!»

«ተይ እንጂ፣ የሰው ልጅ ነው» አለች ማድረቂያው ካስክ ስር የተቀመጠች አንዲት ደንበኛዬ። «አሰልጣኙ ምናልባት ጃቫሪስን ለከርሞ እያቆየው ይሆናል።»

«ለከርሞ? ልጁ ኪያር ነው እንዴ በኮምጣጤ የሚቆየው?»

«አያስገባውም አልልም፤ ያስገባዋል» አለች ደንበኛዬ። « ግን ለማታለያ ነው። ባዶ እጁን ወደ ግራ ያስሮጠዋል፤ ያ ሁሉ ተከላካይ እሱን ሲከተል ኳሱ በቀኝ በኩል ለኮልቢ። ብልሃት ነው እኮ!»

«ብልሃት!» አለች ጃኔል። «ምርጥ ሥጋ ገዝቶ ለውሻ ማባበያ ማድረግ ምኑ ነው ብልሃት? እኔ ልንገራችሁ፣ የኮልቢ እናትና የአሰልጣኙ ሚስት አንድ የመዘምራን ቡድን ውስጥ ናቸው። ነገሩ ያለው እዚያ ጋ ነው። እትዬ ቨርኒስ፣ አንቺ እስኪ ተናገሪ! ልጅሽ አይደለም እንዴ?»

«እኔ ፀጉር ነው የማጥበው» አልኩ።

ይሄኔ ነው አቅራቢው «አሁን ደግሞ ሌሮይ ከናቼዝ መስመር ላይ አለ» ያለው። ያልከውን ታውቀዋለህ፤ ግን እኔ እንዴት እንደሰማሁት ስለማታውቅ ልድገምልህ። «ጌታ ምስክሬ ነው፣ እንዲህ ያለ ሯጭ በአንድ ትውልድ አንዴ ነው የሚወለደው። አሰልጣኝ ፔቲግሩ ፈሪ ነው! ፈረስ እያለው በአህያ የሚዋጋ ፈሪ! ቅዳሜ ኳሱን ካልሰጠው ስታዲየሙ ውስጥ እንተያያለን። ኳሱን ስጡት! ሌላ የምለው የለኝም፤ ኳሱን ስጡት!»

ፀጉር ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ጃኔል «ይሄን ሌሮይ የሚባል ሰውዬ ባገባሁት!» አለች። እኔ ክው ብዬ ቀረሁ፤ የቧንቧው ውሃ የእትዬ ኦፓልን አንገት አልፎ ልብሷ ውስጥ ሲገባ እንኳን አላየሁም። እሷ ግን ዓይኗን ጨፍና እንደተጋደመች ቀስ ብላ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ዶኒ ሬይንም ኳሱን ስጡት ብለው ነበር። ሰጡት» አለች።

ዶኒ ሬይን አንተም ትወደዋለህ፤ ከተማው ሁሉ ይወደዋል። በእኛ የወጣትነት ዘመን፣ ሜዳ ላይ መትተው ሽባ እስኪያደርጉት ድረስ፣ እንደ እሱ የሚሮጥ አልነበረም። አሁን ጨዋታ በኖረ ቁጥር እናቱ እትዬ ኦፓል በተሽከርካሪ ወንበሩ እየገፋች የስታዲየሙ በር አጠገብ ታቆመዋለች፤ ሰው ሁሉ ሲገባ ዕድል ያመጣል ብሎ ትከሻውን ይነካል። አንተም ትነካለህ፤ ልጃችንም ይነካል። እኔም ስነካ ኖሬአለሁ። ከጨዋታው በኋላ ማን አልጋው ላይ እንደሚያወጣው፣ ጎኑ እንዳይቆስል ማን እንደሚያገላብጠው ግን ስንጠይቅ ሰምቼ አላውቅም። ያን ቀን የእትዬ ኦፓልን ፀጉር ሳደርቅ እጆቿን አየሁዋቸው። የጫኝና አውራጅ እጆች ሆነዋል።

አሁን የማታውቀውን ልንገርህ። የጨዋታው ወቅት በተጀመረ ሰሞን፣ አንተ ሥራ ላይ እያለህ፣ ጃቫሪስ እሁድ ጠዋት እኛ ጋ ቁርስ ሊበላ መጣ። ሹካውን በግራ እጁ ይዟል። «ከመቼ ወዲህ ነው ግራኝ የሆንከው?» ብዬ ሳቅሁበት። እሱም ሳቀና የወተቱን ጆግ ሊያነሳ ቀኝ እጁን ዘረጋ፤ ጆጉ ከእጁ ሾልኮ መሬት ላይ ተከሰከሰ። ያስደነገጠኝ መሰበሩ አይደለም። መውደቁን ያወቀው ድምፁን ሲሰማ ነው። ጣቶቹ አልነገሩትም።

«ምንም አይደለም እማ» አለኝ። «ክፉኛ ሲመቱኝ ከአንገቴ እስከ ጣቴ እሳት ይለቅብኛል። ከዚያ ክንዴ ይተኛል። ከዚያ ደግሞ ይነሳል።»

«ባይነሳስ?»

«ይነሳል።»

እዚያው አስነስቼ ወደ ቡድኑ ሐኪም ላክሁት። ሐኪሙም ደህና ነህ ብሎ መለሰው። ቆይቶ ስሰማ ልጅህ ሐኪሙ ፊት ቀርቦ «ትከሻዬን ትንሽ ጠቅ ያደርገኛል» ብቻ ነው ያለው። ስለ እሳቱ አላወራም፤ ስለ መተኛቱ አላወራም። በዚያ ላይ ደህና ቀኑ ነበር፤ ግፋ ሲሉት ገፋ፣ ሳብ ሲሉት ሳበ። ለማን እንደወጣ አንተው ገምት። አንተ ጥርስህን ታመህ ጉንጭህ እንደ ዳቦ አብጦ «የትኛው ጥርስ?» ያልከኝን አልረሳሁም።

ማክሰኞ ልንዘጋ ስንል አሰልጣኝ ፔቲግሩ ራሱ መጣ። በሩ ላይ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። ሰውየው በዚህ አንድ የጨዋታ ወቅት ውስጥ አርጅቷል። የቤቱ ግቢ እንዴት እንደሆነ ሌስተር ነግሮህ ይሆናል፤ ደጋፊ አሰልጣኝ ይባረርልን ሲል የሚያደርገውን አድርገዋል፤ «ቤት ይሸጣል» የሚል ሰሌዳ እያመጡ ሣሩ ላይ ተክለውበታል። ሌሮይ ከደወለ በኋላማ ግቢው እርሻ መሰለ።

«ነቅዬ ነቅዬ ደከመኝ» አለኝ። «ባለቤቴ እንጨቶቹን ለቲማቲም መደገፊያ አድርጋቸዋለች።» ትንሽ ሳቅን። ከዚያ ኮፍያውን በጣቶቹ እያሽከረከረ፣ «እትዬ ቨርኒስ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለ። «ጃቫሪስ ድሮ ኳሱን የሚይዘው በቀኝ ብብቱ ነበር። አሁን ወደ ግራ አዙሮታል። ሐኪሙ ደህና ነው ይለኛል። ልጁ ደህና ነኝ ይለኛል። ዓይኔ ግን ደህና አይደለም ይለኛል።»

«ታዲያ ለምን ጭራሹን አያስቀምጡትም?»

«ምን ብዬ? ሐኪም ያለፈውን ልጅ ዓይኔ አልወደደውም ብዬ? ከኔ በላይ ያሉት ሰዎች እኮ ከዚያ ሬዲዮ ጋር አንድ ቃል ሆነዋል። ስለዚህ ኳሱ በሌለበት በኩል አስሮጠዋለሁ። ኳስ ያልያዘ ሰው የሚቀምሰው ዱላ ያንሳል።»

ሩፈስ፣ ያ ፈሪ ያልከው ሰው ይህ ነው። አፌን ከፈትኩ። ልነግረው ነበር፤ እሳቱን፣ ጆጉን፣ ሁሉንም። ይሄኔ ልጅህ በጓሮ በር ገባ።

«አሰልጣኝ! እናቴ ሹሩባ ልትሠራልዎት ነው እንዴ?» አለ እየሳቀ። የመጣውን የሻምፑ ካርቶን በቀኝ እጁ ብቻ አንስቶ ትከሻው ላይ አደረገና ከአሰልጣኙ ፊት ለፊት አልፎ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው። ደግሞ ደህና ቀኑ ነበር። አሰልጣኙ አየው፣ እኔን አየኝ፣ ኮፍያውን አጠለቀና ወጣ።

በሩ እንደተዘጋ የልጁ ሳቅም ተዘጋ። «ነገርሽው?»

«ገና አልነገርኩትም። እነግረዋለሁ።»

መደርደሪያውን ተደገፈ። ከዚያ፣ «እማ፣ ሌሮይ አባዬ ነው አይደል?» አለኝ።

ልዋሽ ፈለግሁ፤ አልሆነልኝም። «በምን አወቅክ?»

«ጡሩምባውን ካላወቅሁ ሌላ ምን ላውቅ ነው? የኮሌጁ መኝታ ቤት ከጓደኞቼ ጋር ሆነን ነው የሰማነው። ሁሉም ሲያጨበጭቡ እኔም አጨበጨብኩ።» ቀኝ እጁን ዘርግቶ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፋቸው፣ ዘረጋቸው። «አባዬ ፈሪ ያለው አሰልጣኙን ነው። አሰልጣኙ አይደለም እኮ የሚፈራው፣ እማ። እኔ ነኝ።»

ላቅፈው ስል እጄን ያዘኝና፣ «ግን ቅዳሜ ኳሱን እጠይቃለሁ» ብሎ ወጣ።

ረቡዕን በምን ሁኔታ እንዳሳለፍኩት አልነግርህም። ዳቦ ቤቱ በር ላይ ኳሱን ስጡት፤ የመኪና መስታወት ላይ ኳሱን ስጡት፤ ቤተ ክርስቲያናችን ጓሮ ሕፃናቱ ጣሳ እያባረሩ ኳሱን ስጡት። ባየሁት ቁጥር ያንተን ድምፅ እሰማለሁ። አሰልጣኙ ጋ ሁለቴ ደወልኩ፤ ስልኩን ጸሐፊዋ አንስታ «እትዬ፣ ስለ ኳሱ ከሆነ መልእክትዎን እናደርሳለን» አለችኝ። እኔንም ከደጋፊዎቹ እንደ አንዷ ቆጥራኝ ነው።

ሐሙስ አመሻሽ ክላይድ ዓሣ ቤት ሄድኩ። እንደምታውቀው ሐሙስ ሐሙስ አሰልጣኙ እዚያ ተቀምጦ ከደጋፊው ጋር በቀጥታ ስርጭት ይወያያል፤ የፈለገ ሰው ማይክሮፎኑን ተቀብሎ ይጠይቃል። እናንተ ግን ያን ቀን ሬዲዮው ከማይደርስበት ወርዳችሁ ነበር። ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። የሰው ግማሹ ዓሣውን ትቶ የአሰልጣኙን ፊት ነው የሚያየው። ጃቫሪስ ከጓደኞቹ ጋር ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ አላየኝም።

ከፊት የተቀመጠ አንድ ቀይ ኮፍያ ያደረገ ሰውዬ ማይክሮፎኑን ነጠቀና፣ «በሌሮይ ከናቼዝ ስም ነው የምጠይቀው!» አለ። ቤቱ አጓራ። «አዎ ወይም አይ ይበሉን፤ ስብከት አንፈልግም። ቅዳሜ ኳሱን ለጃቫሪስ ይሰጣሉ?»

አሰልጣኙ ሻዩን ጎንጨት አለ። ቀና ብሎ ወደ ጃቫሪስ አየ፤ ልጃችን ራሱን ከፍ ዝቅ አደረገለት። በኋላ እንደሰማሁት ጠዋት ቢሮው ገብቶ «ይስጡኝ፣ ደህና ነኝ፣ በእናቴ ይሁንብኝ» ብሎት ነበር። በእኔ ነው የማለው።

«እሰጠዋለሁ» አለ አሰልጣኙ።

ጩኸቱን ልነግርህ አልችልም። ሰው ወንበር ላይ ወጣ። ጠረጴዛ እየደበደበ ያዜም ጀመር፤ ኳሱን ስጡት፣ ኳሱን ስጡት። እንዴት እንደሆነ አላውቅም ማይክሮፎኑ እጄ ላይ ተገኘ።

«ቨርኒስ እባላለሁ» አልኩ። «የጃቫሪስ እናት ነኝ።»

አጨበጨቡልኝ። ላመሰግን የተነሳሁ መስሏቸው ነው።

«አይስጡት» አልኩ። «ልጄ ሲመታ ከአንገቱ እስከ ጣቱ እሳት ይለቅበታል፣ ከዚያ ክንዱ አይሰማውም። ለሐኪሙ ደብቋል፤ ለአሰልጣኙም ደብቋል። እኔ ግን አይቻለሁ።»

«እማ!» አለ ከኋላ። እንደዚያ ሲጠራኝ ሰምቼው አላውቅም።

ባለ ቀይ ኮፍያው ሳቀ። «እትዬ፣ እናት መቼም ትፈራለች! እናቶችን ብንሰማ ኖሮ ማን ይጫወት ነበር?»

«አዎ፣ እፈራለሁ» አልኩት። «በጣም ነው የምፈራው። እናንተ ግን ልጁን እንወደዋለን አይደል የምትሉት? ታዲያ እንዴት ትንሽ እንኳን አትፈሩለትም?»

 አሰልጣኙ ከመቀመጫው ተነስቶ በጠረጴዛዎቹ መሃል እየተሹለከለከ ጃቫሪስ ጋ ደረሰ። ቀኝ እጁን ዘረጋለት። «ና እስኪ ልጄ። ጨብጠኝ።»

ልጁ እጁን ሰጠው። የዚያን ቀን ከሰዓት ልምምድ ላይ በጭንቅላቱ ወድቆ እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው።

«ጠበቅ አድርገህ» አለው አሰልጣኙ።

 የወጥ ቤቱ ዘይት ሲንጨረጨር ይሰማል። እኔ በሰው ትከሻ አሻግሬ አየሁ፤ የልጄ ጣቶች አሰልጣኙ መዳፍ ላይ እንዲሁ ተጋድመዋል፤ አንዳቸውም አልታጠፉም።

«እሺ» አለ አሰልጣኙ በቀስታ። «አሁን ጨብጠኝ።»

«እየጨበጥኩዎት ነው» አለ ጃቫሪስ።

ሩፈስ፣ ያን ድምፅ ሰምተህ ቢሆን ኖሮ። አሰልጣኙ ሌላውን እጁን ከላይ ደርቦ የልጁን እጅ በሁለት እጁ ያዘና ጎንበስ አለ። ጃቫሪስ መጀመሪያ ምን እንደሆነ አልገባውም። ቀጥሎ ዓይኑ ወደ እጁ ወረደ፤ ያኔ ገባው። ባለ ቀይ ኮፍያው ኮፍያውን አወለቀ። እትዬ ኦፓል እዚያ ባትኖር ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ነበረች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች።

እኔ ስምህን አልጠራሁም። ሌሮይ ማን እንደሆነ አሁንም ከተማው አያውቅም። ይህን ያደረግሁት ላንተ ብዬ ብቻ አይደለም፤ ልጁ የአባቱን ስም በዚያ ቤት ሲነሳ እንዳይሰማ ነው።

አርብ ጠዋት ሐኪሙ የአንገቱን ምስል በትልቁ መሣሪያ አነሳ። ሥዕሉን አሳየኝ፤ ነርቩ የሚያልፍበት መንገድ ጠቧል አለኝ። አንድ ክፉ ምት ቢጨመርበት ኖሮ ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። እኔም ጨርሰው አላልኩትም። የአንገት መደገፊያ አደረገለትና ሜምፊስ ወዳለ የነርቭ ሐኪም ላከን። ቀጠሮው የፊታችን ሐሙስ ነው። ቀዶ ጥገና ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፤ ክንዱ ይመለሳል ወይ ስለው ደግሞ «እንግዲህ እናያለን» አለኝ። ሐኪም እናያለን ሲል እንደሚያስፈራኝ ሌላ ነገር የለም።

ከዚያ ወደ ቤት ስመለስ በራችን ላይ ምን ቆሞ ያገኘሁ ይመስልሃል? «ቤት ይሸጣል»። ለኛ! ቤቱ የኪራይ መሆኑን እንኳን አላጣሩም። አከራያችን ደንግጦ ስልክ ደወለልኝ፤ የሚሸጥበት መስሎት። ስቄ ስቄ መኪናው ውስጥ አለቀስኩ።

ቅዳሜ ተሸነፍን። ጃቫሪስ አሰልጣኙ አጠገብ ልቀመጥ ብሎ ስለነበር ወሰድኩት፤ የአንገቱን መደገፊያ አድርጎ የስታዲየሙ በር አጠገብ ቆመን ሰው እስኪያልፍ ስንጠብቅ አንዱ ሽማግሌ መጣ። ክፋት የለበትም፤ ፈገግ ብሎ ነው የመጣው። ሲያልፍ የልጄን ትከሻ ነካ። ከኋላው የሚመጣውም ሊነካ እጁን ዘረጋ። ዶኒ ሬይን እንደሚነኩት ማለቴ ነው። ጩኸቴ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ «እጅህን አንሳ! ልጄ እኮ ቆሟል! በእግሩ ቆሟል!» አልኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ጃቫሪስ እጄን በግራ እጁ ያዘኝና ቀስ ብሎ ወደ መኪናው መለሰኝ። ጨዋታውን አላየነውም።

ከሐሙስ ጀምሮ ከአስፈላጊው በቀር አላናገረኝም ነበር። ትናንት እሁድ ግን ሰሃን ሳጥብ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። በግራ እጁ ብርጭቆ ያደርቃል። ይቆጣኛል፣ አሳፈርሽኝ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ተዘጋጅቻለሁ።

«እማ» አለኝ። «ከእንግዲህ የማልጫወት ከሆነ አባዬ ለምን ብሎ ቤት ይመጣል?»

እንደዚህ ነው ያለው። አላለቀሰም፤ አላማረረም። የአየር ሁኔታ እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቀኝ። ልመልስለት አፌን ከፈትኩና ማሰብ ጀመርኩ። ለጨዋታ ቅዳሜዎች፣ ካለፈው በቀር፣ ከጓደኞችህ ጋር የሥራ ተራ ትቀያየራለህ፤ ለምነህም፣ ከፍለህም፣ አልቅሰህም ቢሆን ትመጣለህ። እኔ የሐሞት ከረጢቴን በቀዶ ጥገና ሳስወጣ ግን ወንዙ ሞልቷል አልክ። እሱ ከሁለተኛ ደረጃ ሲመረቅ ወንዙ ጎድሏል አልክ። በነሐሴ፣ ኳስ በሌለበት ወር፣ ልደቱን አንዴም አብረኸው አክብረህ አታውቅም። ይህን ሁሉ እኔ ብቻ የቆጠርኩት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ልጁም ሲቆጥር ነው የኖረው። ያ ክንድ እየተቃጠለ ዝም ያለው ለሬዲዮ አይደለም፣ ለከተማውም አይደለም። እኔ የአንገቱን ነገር ስፈራ እሱ የሚፈራው ሌላ ነገር ነበር።

ክፉ አባት ነህ አልልህም። ልጁን እንደምትወደው አውቃለሁ፤ ሌሮይ የጮኸውም በፍቅር ነው። ግን ልጅህ ጥያቄውን የጠየቀው እኔን ቢሆንም መልሱ ያለው አንተ ጋ ነው፤ ስለዚህ አልመለስኩለትም። «አባትህን እጠይቀዋለሁ» ነው ያልኩት። ይኸው ጠየቅሁህ።

ሐሙስ ጠዋት ሜምፊስ ነን። እዚያ ሜዳ የለም፣ ባንድ የለም፣ የሚያጨበጭብ ሰው የለም። ወረፋ ነው፣ ጠንካራ ወንበር ነው፣ ፈርቶ ምንም የማይል ልጅ ነው። ተራህን ቀይርና ና።

ቨርኒስ